በቁመቷ ልክ

ሰበታ ውስጥ «የቦሰና ጧፍ ነው» ከተባለ አለቀ፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ባለሱቅ «ጧፍ አለ» ብሎ ዝም ካለ ገዢው ፊቱን ያዞራል፣ «የቦሰና» ካለ ግን ሳያገላብጥ ይገዛል። ሰው እንቁላሉን ሳይቀር ወደ ፀሐይ ይዞ እያየ በሚገዛበት በዚህ ዘመን፣ አንዲት ሴት በእጇ የምትሠራው ነገር እንዲህ ሲታመን ደስ አይልም? ደስ ይላል። መጨረሻው ባይከፋ ኖሮ ይበልጥ ደስ ይል ነበር።

ቦሰና ባሏ ከሞተባት ጀምሮ የምትተዳደረው በዚሁ ጧፍ ነው። ከፊሉን ለሰበታና ለዓለም ገና ሱቆች፣ ከፊሉን ለቡራዩ ታስረክባለች። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ሱሉልታ የእጅ ሥራ ባዛር ላይ ከቅርጫት ሻጮቹ ጎን አንዲት ጠረጴዛ ይዛ ትቆማለች። ዋና ደንበኛዋ ግን ዓለም ገና አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያላት ሰይዳ ናት። ሰይዳ የጧፉን እስር ከስኳሩና ከዘይቱ አጠገብ ታንጠለጥለዋለች። «ሙስሊም ሆነሽ ጧፍ?» ብለው የሚያሾፉባት አሉ። «እኔ አላበራው፣ ምን ቸገረኝ? ደግሞስ ቦሰናን ለማመን ሃይማኖት ይጠይቃል እንዴ?» ትላቸዋለች።

ሰሙ የሚመጣው ከጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ሲጣል የማሩ ሰፈፍ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፤ ጠጅ ጣዩ አውጥቶ የሚጥለውን ቦሰና በማዳበሪያ ሰብስባ ታመጣዋለች። አፍልታ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ቢጫ ሰም እስኪሆን ታጠራዋለች። ከዚያ የጥጥ ፈትል ትገምድና በቀለጠው ሰም ውስጥ እየደጋገመች ትስበዋለች፤ አንዱ ሽፋን ሲደርቅ ሌላውን ታለብሰዋለች። ከሰው እጅ ሰም ከገዛች ደግሞ ሳታኝክ አትገዛም። ንጹሕ ሰም ጥርስ ላይ አይለጠፍም፣ ምላስ ላይም ቅባት አይተውም። ነጋዴ ምላሱ ቢጣፍጥ የእሷን ምላስ አያታልልም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሄመን ልጇን አስከትላ መጣች። ሄመን ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር ወጣት እናት ናት። ልጅቷ ጂጂ ገና ስድስት ዓመቷ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ቦሰና? ስለቴ ደረሰ!» አለች ሄመን፣ ገና ከደጅ።

ስለቱን ቦሰናም ሰፈሩም ያውቀዋል። ጂጂ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ቦኖ ውኃ ስትቀዳ ወድቃለች፣ ትምህርት ቤት ወድቃለች፣ አንዴም እሳት ዳር ወድቃ እናቷ በቀሚሷ ጎትታ አውጥታታለች። ሆስፒታል ክኒን አዘዙላት። ሄመን ክኒኑን በየጠዋቱ እየሰጠች፣ እግረ መንገዷንም ለእመቤታችን ተሳለች፦ ልጄ ዓመት ሙሉ ሳትወድቅ ከከረመች፣ ለኅዳር ጽዮን በቁመቷ ልክ ጧፍ አበራለሁ ብላ። በቁመት ልክ መሳል በዚህ አገር የቆየ ነው። ሰው ራሱን መስጠት ሲያቅተው ቁመቱን ይሰጣል። ዓመቱም ሞላ፣ ጂጂም አልወደቀች።

ቦሰና ፈትሏን አወጣች። ጂጂ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆመች፣ አገጯን ቀና አደረገች።

«ቀጥ ብያለሁ?»

«ቀጥ ብለሻል የኔ እናት። ግን ተረከዝሽን መሬት አስነኪ። ሌላውን ታጭበረብሪያለሽ፣ ማርያምን ግን አታጭበረብሪም።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ተረከዟንም አወረደች። ቦሰና ከተረከዟ እስከ አናቷ ለክታ ፈትሉን ቋጠረች። ሄመን ቆማ እያየች ታለቅስ ነበር፤ ደስ ብሏት።

ችግሩ የጀመረው ሱሉልታ ነው። ቦሰና ማዳበሪያዋን ይዛ ኦቦ ገርባ ጠጅ ቤት ስትደርስ ሽማግሌው ገና ሲያዩዋት እጃቸውን አራገቡ።

«ሰፈፍ የለም፣ ቦሰና።»

«ምነው ኦቦ? ጠጅ መጣል ተዉ እንዴ?»

«ጠጅማ ሞልቷል። የተተወው ማሩ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በስኳር ሆኗል። ስኳር ደግሞ ሰፈፍ የለውም፣ ምን ላድርግሽ?»

«ጠጪው አያውቅም?»

«ሁለተኛው ብርሌ ላይ የደረሰ ሰው ምን ያውቃል?» ብለው ሳቁ።

ሌሎቹም ጠጅ ቤቶች ያው ናቸው። ቦሰና ባዶ ማዳበሪያዋን አጣጥፋ ተመለሰች። ቤቷ የቀራት ሰም ድስት የማይሞላ ነበር። ወደ ኋላ ሳትል ቡራዩ ገበያ ሄደች፤ ያን ቀን የነቢያት ጾም ገብቷል። አንድ ነጋዴ ቢጫ የሰም ጥፍጥፍ ደርድሮ ተቀምጧል። «ከወለጋ ነው የመጣ፣ አዴ። ንጹሕ ማር ማር የሚል ነው» አላት። አሸተተችው፤ እውነትም ማር ማር ይላል። እንደ ልማዷ ከዳር ቆርሳ ወደ አፏ ልትወስድ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ።

ጾም ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ሰም ምግብ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ማር ያለበትን ነገር አፍ ውስጥ ከትቶ ማኘክ ለቦሰና መግደፍ ነው። ቁራሹን መልሳ ጥፍጥፉ ላይ ለጠፈችው። «ለእመቤታችን የሚሆን ሰም ለመግዛት የእመቤታችንን ልጅ ጾም ልግደፍ?» ብላ አሰበችና ሳታኝክ ገዛች። በዕድሜዋ ሳታኝክ የገዛችው ሰም ያ ብቻ ነው፤ ያም በጽድቅ ምክንያት ነው። ሰው በኃጢአቱ ቢቀጣ ያባት ነው፤ በጽድቁ ሲቀጣ ግን ለማን ይናገራል?

በበዓሉ ዋዜማ ሰሙን አቀለጠችው። ሽታው ወዲያው አልወጣም። ድስቱ ሲፈላ ነው ከማሩ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ብቅ ያለው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ጠብታውን አቀዝቅዛ አኘከችው። ምላሷ ላይ ቅባት ተጋገረ። ሞራ ነው። የበሬ ሞራ ከሰም ጋር ቀልጦ፣ ላዩ ላይ ማር ተቀብቶለታል።

ቦሰና ድስቱን ከእሳቱ አወረደች። ሄመንን ጠርታ «አልሆነም» ማለት ትችል ነበር። ሄመን ግን ዘመድ ጠርታለች፣ ልጅቷ ነጭ ቀሚስ ተሰፍቶላታል። ደግሞም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቦሰና ስሟን ወደደች። «ቦሰና የስለት ጧፍ መለሰች» ሲባል መስማት አልፈለገችም። እንዲህ ብላ አሰላች፦ ስለት ሲገባ ጧፉ ይለኮሳል፣ ትንሽ ይነዳል፣ ቄሱ ይቀበሉና ያጠፉታል። ማንም እስከ ሥሩ አያነደውም። ስለዚህ ከጫፉ ስንዝር የሚሆነውን በንጹሑ ሰሟ ሠራችው። ከዚያ በታች ያለውን በሞራው ስባ፣ በቀረችው ንጹሕ ሰም ላዩን አለበሰችው። ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ።

ጽዮን ዕለት ሰዉ ከመቼውም በላይ ነበር። ባለስለቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ሲሰለፉ ሰልፉ ግቢውን ዞረ። ጂጂ ቁመቷን የሚያህል ጧፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ እናቷ ከኋላዋ ሆና ቆመች። ቦሰና ከሴቶቹ መካከል ሆና ነበልባሉን ብቻ ታያለች። ስንዝሩ እየነደደ ወረደ። ሰልፉ ግን አይንቀሳቀስም። ከፊት አንድ ሰውዬ ስለት ያስገባው በግ አልሄድም ብሎ ደረጃው ላይ ተኝቷል፤ ሰዉ ይስቃል። ቦሰና ብቻ በሆዷ «ማሎ፣ ተነሥ፣ አንተ በግ» እያለች ትለምናለች።

ነበልባሉ ተንጣጣ። ጥቁር ጢስ ወጣ፤ ሞራው በልጅቷ እጅ ላይ ተንጠባጠበ፤ ጧፉም ጎብጦ ጠፋ። ሄመን ከጎን ካለው ለኮሰችው፤ ጠፋ። ደግማ ለኮሰችው፤ ደግሞ ጠፋ።

«ምን ሸተተኝ? ሥጋ ሸተተኝ እኮ» አለች አንዷ።

«በጾም?»

«ከሷ ነው መሰለኝ። እቤቷ ምን ተበልቶ ይሆን?»

«ጧፉ ይሆን እንዴ?»

«ኧረ ጧፉማ የቦሰና ነው!»

ሴቶቹ ከእናትና ልጅ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። ጂጂ ዙሪያዋን አየችና «እኔ አላጠፋሁትም! እፍ አላልኩትም!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሄመን ዞር ብላ ቦሰናን ፈለገቻት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ያኔ አንድ ቃል በቂ ነበር፤ ቦሰና ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች የተረፈውን የሞራ ሰም በማዳበሪያ ጠቅልላ ወንዝ ውስጥ ወረወረችው። ድስቱን በአመድ አሸች። ቤቷን ክፍት አድርጋ አናፈሰች። ምንም ምልክት አልቀረም። ይህ ሥራዋ ኋላ ምን እንደሚያስከፍላት አልታያትም።

ከሳምንት በኋላ የጧፍ ሒሳቧን ልትቀበል ዓለም ገና ስትሄድ ሰይዳ በሹክሹክታ ተቀበለቻት።

«የሄመንን ሰማሽ? ክኒኑን ጣለችው አሉ።»

«የቱን ክኒን?»

«የልጅቷን ነዋ! ‹ክኒን እየሰጠሁ ስለተሳልኩ ነው ማርያም የመለሰችብኝ፤ በሙሉ ልቤ አላመንኳትም ነበር› ብላ ሽንት ቤት ጨመረችው። አሁን በጾምና በስግደት ናት። አላህ ይሁናት እንጂ...»

ቦሰና የቀረውን አልሰማችም። ባጃጅ ይዛ ሄመን ቤት ደረሰች። ሄመን ከስታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ጂጂ ደጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትጫወታለች፤ ገና አልወደቀችም።

«ሄመን፣ ስሚኝ። ስለትሽ አልተመለሰም። ጧፉ ነው። ሞራ ነበረበት። አታለሉኝ፣ እኔም አውቄ ሸፍኜ ሰጠሁሽ። ኃጢአቱ የኔ ነው። ክኒኑን ስጪያት።»

ሄመን ለቅጽበት ዓይኗ በራ። ከዚያ መልሶ ጠፋ። የቦሰናን እጅ ይዛ ሳመችው።

«እግዜር ይስጥዎ፣ አዴ ቦሰና። የሚሉት ገብቶኛል።»

«ምኑ ነው የገባሽ?»

«ለእኔ ብለው ራስዎን ሊያዋርዱ ነው። እናቴ እንኳ እንዲህ አላደረገችልኝም።»

«በማርያም! በልጅሽ ሞት! ሞራ ነው እልሻለሁ!»

«አይማሉ! ለእኔ ብለው በሐሰት አይማሉ፤ ለእርስዎም ይተርፋል።» ከዚያ ለስለስ ብላ ጠየቀቻት፦ «እሺ፣ ሰሙ የታለ? ያሳዩኝ።»

 ሰሙ ወንዝ ወርዷል። ድስቱ በአመድ ታጥቧል። ቤተ ክርስቲያን የቀረው ቁራጭም ከሌላው ጋር ተጠርጎ ተጥሏል።

«አዩ?» አለች ሄመን። «እርስዎ ውሸት አይችሉበትም።»

ቦሰና ወደ ንስሐ አባቷ ሮጠች፤ ሁሉን ነገረቻቸው። እሳቸውም ተቆጥተው፣ አዝነውም፣ ራሳቸው ሄመን ቤት ሄዱ። «ክኒኑም የእግዚአብሔር ነው፣ ስጪያት» ብለው ገሠጿት። ሄመን ጉልበታቸውን ስማ «እሺ አባ» አለች፤ ሲወጡ ግን «አዴ ቦሰና ለምነዋቸው ነው» አለች። የጂጂ አባት በስልክ «አንቺ ያልሽው ይሁን፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ» ብሏታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህ እውነት ግን ባደረ ቁጥር ይደፈርስ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ጂጂ ወደቀች። ስለቱ መመለሱን ለሚያምን ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል?

የገና ባዛር ደረሰ። ቦሰና ከሆለታ መንገድ ከመጣ ማር ነጋዴ ሰም አገኘች። ገና በጠዋቱ፣ ጾሟን ገድፋ፣ ሰዉ እያያት አኘከችው፤ ንጹሕ ነበር። አሁን ምን ይጠቅማል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከፊሉን ጧፍ አድርጋ ሱሉልታ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች። ሰይዳም ልታግዛት አብራት መጣች። ገና እስሩን ሳይፈቱ ሴቶች ከበቡአቸው።

«የሰበታው ጧፍ ይሄ ነው? ስለት ያልሰመረለትን የሚያጋልጠው?»

«እሱ ነው! ንጹሕ ካልሆንሽ አይበራም አሉ። ለእኔ ሁለት እስር!»

«እኔ ከለገጣፎ ነው የመጣሁት፣ አስቀድሙኝ!»

ቦሰና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሰዎች! የጠፋው ጧፍ ሞራ ነበረበት! እኔ ነኝ በጾም ሞራ ለማርያም የሰጠሁት! ሄመን ምንም አላደረገችም!»

 አንዲት ባለነጠላ እናት ራሷን ነቀነቀች። «አያችሁ የድሮ ሰው? ልጅቷ እንዳትታማ በራሷ ስታሳብብ! እንዲህ ያለ ሰው የሠራው ነው እንጂ የሚበራ።» ሌላዋ ጎንበስ ብላ የቦሰናን ትከሻ ሳመች። ሰይዳ ጧፉን እየጠቀለለች ትሰጣለች፤ እጅ አነሳት።

«ሰይዳ፣ አንቺ እንኳ እመኚኝ» አለቻት ቦሰና። «ሞራ ነው፣ ወላሂ ብዬ ልማልልሽ?»

ሰይዳ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አንቺ? ስንት ዓመት ጧፍሽን ስሸጥ? ለልጅቷ ብለሽ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አላህ ይክፈልሽ። አሁን ግን እስሩን አቀብዪኝ፤ አልቋል።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። ቦሰና ስሟን በገዛ እጇ ልትቀብረው ቆፈረች፤ አልቀበር አላት። ጠረጴዛዋ ከእኩለ ቀን በፊት ባዶ ሆነ፤ በሕይወቷ እንዲያ ያለ ገበያ አይታ አታውቅም። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ በሚኒባስ መስኮት እያየች አለቀሰች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከንጹሑ ሰም የሠራችውን አንድ ረጅም ጧፍ በጨርቅ ጠቅልላ ሄመን ቤት ሄደች። ያኔ ጂጂን የለካችበት ፈትል መቋጠሪያው እንዳለ መቀነቷ ውስጥ ነበር። ጂጂ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታለች። ግንባሯ ተሰንጥቋል፣ አንዱ ጉንጯም የእሳት ቁስል ይዟል። በዚያው ሳምንት ደጋግማ ወድቃ ነበር።

«ሄመን፣ ይህን እናብራው። እዚሁ፣ ፊትሽ። እስከ ሥሩ ሲነድ ታያለሽ። ከዚያ ሆስፒታል እንውሰዳት፣ ማሎ።»

ሄመን ጧፉን አልነካችውም። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ቢበራስ? ያ የእርስዎ ስለት ነው፤ ለእርስዎ ይበራል። የእኔን አይቼዋለሁ። ሁለተኛ አልፈትናትም።»

«ልጅቷ እኮ ልትሞት ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ሄመን። አስቀድሞ እንደተነገራት ሰው።

ድምፃቸው ጂጂን ቀሰቀሳት። ዓይኗን ገልጣ ቦሰናን አየች፣ ከመቀነቷ የወጣውን የፈትል ጫፍም አየች። ፈገግ አለች። እጇን ተደግፋ ተነሣችና፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ሄዳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። አገጯን ቀና አደረገች።

«አዴ ቦሰና፣ ቀጥ ብያለሁ? ተረከዜን አላነሣሁም።»

ቦሰና እጇ ወደ ፈትሉ ሄደ።

«አይለኳት!» ሄመን ጮኸች። ዘልላ ልጇን ከግድግዳው ላይ አነሣቻትና አቀፈቻት። «አንዴ ተለክታለች። ሁለተኛ የሚለካት ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። እባክዎ ይሂዱ።»

ጂጂ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ግራ ገብቷት ታያታለች። «እኔ እኮ አላጭበረበርኩም» አለች።

«አላጭበረበርሽም የኔ እናት» አለች ቦሰና። «እኔ ነኝ።» ማንም አልሰማትም፤ ሄመን ልጅቷን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ጧፉን ደፍ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ሁለት የማታውቃቸው ሴቶች ቆመው ይጠብቋታል፤ ከቡራዩ ነው የመጡት፣ ቤቷ ሄደው ሲያጧት ወደዚህ መርተዋቸው። አንደኛዋ ጡት የሚጠባ ሕፃን ታቅፋለች፤ ገና ሳትጠየቅ ሻሹን ገልጣ እግሩን ዘረጋችው።

«ለስለት ነው፣ እናቴ» አለች። «ይለኩልኝ።»